ለወፍ ያልተነገረው

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ ፬

አልሄድም ብዬ ነበር። ቁስቋም ቤቴ ቁጭ ብዬ ደንቡን ብጽፍ ይሻለኝ ነበር። የኮሚቴው ሰብሳቢ ግን «በመስክ ያለችውን ተማሪ ሳታዪ ምኑን ትጽፊዋለሽ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ይኸው እስከ አምባ ጊዮርጊስ በጭነት ማኪና፣ ከዚያ ወዲያ በበቅሎ መጥቼ ወገቤ ተቆርጧል። ብርዱስ! ሁለት ጋቢ ደርቤ እጄ ብዕር አልጨብጥ ብሏል።

ትምህርት ቤታችን ለማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች ምስክር ወረቀት ሊሰጥ ነው። እስከ ዛሬ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሁሉ ሠራተኛ ይባል ነበር። ከእንግዲህ ደንብ አለ፣ የመስክ ፈተናም አለ። አርቃቂዋ እኔ ነኝ። ሰብሳቢው አንዱን አንቀጽ ራሳቸው ሰጥተውኛል፦ ሠራተኛው የሰማውን ሁሉ ለአስተማሪው ወይም ለሹም ያሳውቃል። ሸጋ አንቀጽ ነው ብዬ በቀይ ቀለም ጽፌዋለሁ።

የምመዝናት ልጅ ትርንጎ ትባላለች፣ የጭልጋ ልጅ ናት። ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ አታውቅም። መንደርተኛው «ቤት ጠያቂዋ» ይላታል። ሥራዋ ይኸው ነው፤ ቤት ለቤት እየዞረች የታመመ፣ የተቸገረ፣ የተጣላ ትጠይቃለች።

ስደርስ መንደሩ ጭር ብሏል። እሑድ ማታ ተሰማ የሚባል ገበሬ የገብስ ክምሩ ተቃጥሎበት፣ ሰው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ወይራው ሥር ለአውጫጭኝ ተጠርቷል።

ረቡዕ፣ ፭

አውጫጭኝ ሲባል እሰማለሁ እንጂ ተቀምጬበት አላውቅም። ከአራስና ከበሽተኛ በቀር የሚቀር የለም። ጥፋተኛው እስኪታወቅ ማንም ወደ አጨዳው አይሄድም። ጠዋት ይሰበሰባሉ፣ ማታ ይበተናሉ።

የገረመኝ ወፍ የሚሉት ነገር ነው። ሦስት ሽማግሌዎች «ወፍ» ተብለው ይመረጣሉ። እያንዳንዱ ሰው ቄሱ ፊት ይምልና የሚያውቀውን በወፎቹ ጆሮ ሹክ ይላል። እነሱም ማን እንደነገራቸው አያወጡም፤ «ወፍ ነገረኝ» ብለው ብቻ ጥፋተኛውን ይጠራሉ። እኛ ስለ ምስጢር አጠባበቅ ከውጭ አገር መጽሐፍ እየገለበጥን ስናስተምር እነዚህ ሰዎች ወይራ ሥር ይኖሩበታል።

በመንደሩ ያደረ እንግዳም ይምላልና የትርንጎ ተራ ደረሰ። ማለችና ቀና ብላ «የማውቀው አለ። አልናገርም» አለች። ጮኽ ብላ ነው፤ ሁሉም ሰማ።

ከወፎቹ ታላቁ አያ ደርሶ ናቸው። ጎንበስ ብለው «ምነው ልጄ? በጆሮዬ በይኝ። ማን ያውቅብሻል?» አሏት።

«የነገረኝ ሰው ያውቃል፣ አያ።»

ጫጫታ ሆነ። ሰው ሁሉ እህሉ በማሳ ላይ እየረገፈ የተቀመጠው በእሷ ምክንያት ሆነ ማለት ነው። አንዲት ሴት «ቤት ጠያቂ ብለን ቤታችንን ከፈትንላት!» ብላ ተራገመች።

ማታ ለብቻዋ ያዝኳት። «አላውቅም ብትዪ ምን ነበረበት?» አልኳት።

«ምዬ?» አለችኝ።

«እሺ ለእኔ ንገሪኝ። አስተማሪሽ ነኝ።»

«ለእርስዎም አልችልም፣ እትዬ። ይቅር ይበሉኝ።»

ተቃጠልኩ። ቀዩ አንቀጽ ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ። ይህች ልጅ ወድቃለች ብዬ ተኛሁ።

ሐሙስ፣ ፮

ዛሬ የሆነውን በቅጡ ልጻፈው።

ማረሻና ማጭድ ሊሠራ ከወለቃ የመጣ አንድ ቀጥቃጭ እዚህ ሰንብቷል። ከረፋዱ ጀምሮ ዓይን ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ወፎቹ ምንም አላሉም፤ ሰው ራሱ ነው የጀመረው። «እሳት የማን ሥራ ነው?» አለ አንዱ ከኋላ። ተሰማ ተነሥቶ «ሌላ ማን አለ? የእኛ ሰው የእኛን እህል አያቃጥልም!» ሲል ገመድ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ቀጥቃጩ መሬት መሬቱን ያያል፤ እንዲህ ሲሉት የመጀመሪያው አይመስልም።

ትርንጎ ሳትጠራ ብድግ አለች።

«ንጉሥ ይሙት፣ እሱ አይደለም! እሱን ካሰራችሁ እኔንም አብራችሁ እሰሩኝ።»

አያ ደርሶ ገመዱን ተቀብለው ተቀመጡበት።

እኔ ምን አደረግሁ? ምንም። ይህን ማን አስተማራት? እኔ አይደለሁም።

ማታ ተከተልኳት። በመንደሩ ያለውን ቤት ሁሉ አንድ በአንድ ትዞራለች። አንዱ በሩን ዘጋባት፣ አንዱ ውሻ ለቀቀባት፤ ቆማ «እንዴት አመሻችሁ» ብላ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። ተሰማ ቤትም ገባች። ክምሩ የነደደበት ሰው ነውና ተቀምጣ አዘነችለት፤ እሱም ቀስ በቀስ ተናገረ፣ አለቀሰም። ሦስቱንም ማታ እንዲህ ስትዞር ነው የሰነበተችው።

«ምነው ሁሉ ቤት? እግርሽ እስኪቀር?» አልኳት።

«አንድ ቤት ብቻ ብሄድ ይታወቃል» አለችኝ።

ጉድ ነው! ከእነዚያ በሮች አንዱ የባለ ምስጢሩ ነው፤ እዚያ ገብታ ከነገራት ሰው ጋር ትመክራለች። የትኛው እንደሆነ ግን አብሬያት ዞሬ፣ የሁሉንም ፊት አይቼ አላወቅሁትም። ይህን ያህል ዓመት አስተምሬ እንዲህ ያለ ሥራ አላየሁም። ትናንት ወድቃለች ማለቴ አሳፈረኝ።

ዓርብ፣ ፯

ፀሐይ ገና አመዳዩን ሳታቀልጠው ነው። ሰው ገና እየተቀመጠ ሳለ ከሴቶቹ መካከል አንዲት ጥቁር የለበሰች ተነሣች። ጥሩወርቅ ናት፣ የተሰማ ሟች ወንድም ሚስት።

«እኔ ነኝ» አለች።

ማንም ያልገባው መሰለ። ደገመችው።

«ክምሩን እኔ ነኝ ያነደድኩት። ገብሱን ባሌ ዘርቶት ሞተ፤ እኔ አረምኩት። አያ ተሰማ አጭዶ ከራሱ ጋር ከመረው። ለልጆቼ ካልሆነ ለማንም አይሁን አልኩ። ያ ሰው በእኔ እንዳይታሰር ነው የተነሣሁ» ብላ ወደ ቀጥቃጩ አመለከተች።

ይጮኻሉ ብዬ ጠበቅሁ። ከመጮኻቸው በፊት ትርንጎ ከእኔ አጠገብ ተነሥታ፣ በሰው መሐል አቋርጣ፣ ጥሩወርቅ እግር ሥር መሬት ላይ ተቀመጠች። መቀመጧ ብቻ ነው። ያን ሁሉ ሰው ዝም ያሰኘው ይኸው ነበር። ተሰማ «ውሸት ነው» ሊል አፉን ከፈተና ዘጋው።

አያ ደርሶ የእሳቱም፣ ገብሱ የበቀለበት መሬትም ነገር አብሮ ይታይ አሉ። ሰኞ ሽማግሌ ይቀመጣል። ዋስ ጥሪ ስትባል እሳቸው ራሳቸው ቆሙላት። ሰው ማጭዱን ይዞ ወደ ማሳው ሮጠ፤ ቀጥቃጩም ወናፉን ጠቅልሎ ሄደ። ማንም ይቅርታ አልጠየቀውም፣ ከትርንጎ በቀር።

አለቀስኩ። ከደስታ ይሁን ከፍርሃት እንጃ።

ቅዳሜ፣ ፰

ለፈተናው ውጤት ሁለታችንም ጎንደር ገባን። ወሬው ቀድሞን ደርሷል፤ ሰብሳቢው ቢሮ አስጠሩን። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ቀዩን አንቀጽ እንደሰረዝኩትም ነገርኳቸው። በምትኩ የጻፍኩት ይህ ነው፦ ሠራተኛው የሰማውን አያወጣም፤ የነገረውንም ሰው ብቻውን አይተወውም።

ሰብሳቢው ክፉ ሰው አይደሉም። ሁለቴ አነበቡት። ከዚያ ወደ ትርንጎ ዞረው ጠየቁ።

«ሴትዮዋ የነገረችሽ ካቃጠለች በኋላ ነው ወይስ በፊት?»

እውነቴን ነው፣ ይህ በሐሳቤ አልመጣም ነበር። በፊት ከሆነ ክምሩ ሳይነድ ልታስቀረው ትችል ነበር። በፊት ከሆነ የልጆቹ እንጀራም የተሰማም እህል አብሮ እንደሚቃጠል ታውቅ ነበር።



«እሱንም አልናገርም» አለች ትርንጎ።

«ሴትዮዋ ራሷ ወጥታ ተናገረች እኮ!» አሉ።

«የእሷን እሷ ተናገረች። ለእኔ የነገረችኝን ግን አልናገርም።»

ሰብሳቢው ወረቀቱን አጥፈው አስቀመጡት። «ሰኞ ኮሚቴው ፊት ቀርበሽ ትመልሻለሽ። ካልመለስሽ ምስክር ወረቀት የለም» አሉ። ልክ ናቸው? አንድ ደንብ ለዚህ መልስ ሊኖረው ይገባል።

እሑድ፣ ፱

ቅዳሴ እንደወጣሁ ከአንቀጼ ሥር ሰፊ ባዶ ቦታ ትቼ ቁጭ አልኩ። በፊት ከሆነስ? ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ። ሠራተኛው ክፋት ሊደረግ ነው ብሎ ከሰማ ይከልክል ብዬ ጻፍኩ። እንዴት ይከልክል? በመናገር? በመለመን? እሳቱ ፊት በመቆም? ደግሞ ሰረዝኩ። ያቺን ልጅ እፈራታለሁ። እንደ እሷ ያለ ሰው ግን አይቼ አላውቅም። ሁለቱንም እዚህ ልጻፈው፣ ሌላ ቦታ አልጽፈውም።

ከሰዓት በኋላ መጣች። ነጠላዋን አጣፍታ በር ላይ ቆመች፣ ግቢ ብላት እንቢ አለች።

«እትዬ፣ ነገ ማለዳ ወደ አምባ ጊዮርጊስ የሚወጣ ማኪና አለ ይላሉ።»

«ነገ ኮሚቴው ይጠብቅሻል» አልኳት።

«አውቃለሁ። ጥሩወርቅም ነገ ሽማግሌ ፊት ትቀመጣለች።»

ምስክር ወረቀቱ ቀረ ማለት ነው። ሁለት ዓመት የለፋችበት፣ አባቷ ከጭልጋ በእግሩ መጥቶ ያስመዘገባት። ቅሪ ልላት አሰብኩ። አስተማሪዋ ነኝ፣ ማለት ነበረብኝ። ነገ ኮሚቴው ፊት ስለ እሷ የምቆመው እኔ ብቻ ነኝ፣ ምን እንደምል ገና አላውቅም።

ገብቼ ለመንገዷ በሶ ቋጠርኩላት።