ለሽርሽር የሄዱ ባልና ሚስትን በድንኳን ስላጀበው እድራችን

ለተከበሩ ጋሼ ደምሴ
የሰፈራችን እድር ሊቀ መንበር
ሸዋ ሮቢት

በቅድሚያ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና ለእድሩ ጥሩምባ የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ። ጥሩምባው በግንቦት ወር ያለ ሟች ስለደከመ፣ ስለ እሱም ማሰቤ አግባብ ይመስለኛል።

በሰፈር የሚነገረው እርስ በርሱ ስለሚጋጭ፣ ከምስጋናዬ በፊት ፍሬ ነገሩን በቀን ቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ።

ሐሙስ ግንቦት 8፦ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር የነበረችው ባለቤቴ ማህሌት በሙቀቱ እንቅልፍ ካጣች ሰንብታ ስለነበር፣ ቅዳሜና እሁድን ሁለታችን ብቻ ደብረ ብርሃን ለማሳለፍ ወሰንን። ዕቅዳችን ብርድ ልብስ ለብሶ መተኛትና ቀስ እያሉ በከተማው መንሸራሸር ነበር። ለጎረቤታችን ለእትዬ ዘይቱናም «ትንሽ ልንዝናና ነው» ብለን ነገርናቸው።

ዓርብ ግንቦት 9፦ ከእኛ ከተማ ወደ ደብረ ብርሃን የምትሄድ ነፍሰ ጡር ሪፈር የተጻፈላት ብቻ እንደሆነች በሰፈሩ ስለሚታመን፣ «መዝናናት» ክፉ ወሬ መሸፈኛ ነው ተብሎ እድሩ ተሰበሰበ።

ቅዳሜ ግንቦት 10፦ ጥሩምባው ተነፋ። እኛ የተሳፈርንበት የሕዝብ መኪና ሲነሣ ሰምተነው፣ ለማናውቀው ሟች «ነፍስ ይማር» ብለን መንገዳችንን ቀጠልን።

እሁድ ግንቦት 11፦ በእድሩ ሚኒባስ ተመለስን።

እንግዲህ ምስጋናዬ የሚከተለው ነው።

1ኛ. የጣርማ በርን ጉም አቋርጣችሁ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል በመሄድ፣ በየክፍሉ ባለቤቴን በስሟ በመጣራታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። በፍለጋው የተገኘች አንዲት ሌላ ማህሌት፣ ከእትዬ ዘይቱና ጋር ተቃቅፋ በደንብ አልቅሳለች አሉ። ለእሷም ምስጋናዬ ይድረሳት።

2ኛ. የእንግዳ ማረፊያችንን አጠያይቃችሁ ስትደርሱ፣ ማህሌት ከብዙ ሳምንታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ አገጯ ተሸፋፍና ተኝታ ነበር። እኛ ቆላዎች ግን በግንቦት ብርድ ልብስ የሚለብስ ሰው ስናይ የምናውቀው አንድ ነገር ብቻ ስለሆነ፣ እትዬ ዘይቱና «ያ አላህ! ወባው ተነሥቶባታል!» ብለው ብርድ ልብሱን ገፈፏት። ግንባሯን ያልዳሰሰ የእድሩ አባል አልነበረም። ከዚያ በኋላ አልተኛችም።

3ኛ. በሚኒባሱ ጣሪያ ላይ የእድሩን ድንኳን ከነምሰሶው ጭናችሁ መጥታችኋል። ለምን እንደሆነ በትሕትና ስጠይቅዎ «አያድርገው እንጂ፣ ባዶ እጅ አይመጣም» በማለት የሰጡኝን ማብራሪያ፣ በዩኒቨርሲቲ ቆይታዬ ካገኘሁት ስለ ጥንቃቄ ከሚናገር ትምህርት ሁሉ የላቀ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

4ኛ. ሴቶቹ «ብቻዋን አትተውም» ብለው በክፍላችን ሲያድሩ፣ እኔ ከወንዶቹ ጋር ኮሪደር ላይ እንድተኛ ስለተደረገልኝ ምደባ አመሰግናለሁ። ስንመለስ ድንኳኑ ከአናታችን በላይ ስለነበር፣ በደብረ ሲና ገበያ መንገድ ዳር የነበሩ ሰዎች ቆመው አዝነውልናል። ማህሌት በመስኮት እጇን ስታውለበልብላቸው የባሰ ደነገጡ።

ጋሼ ደምሴ፣ ለመምጣት ያነሣሣችሁ ፍቅር መሆኑን አልክድም፤ ከመካከላችሁ የጎደለ አልነበረምና። ሆኖም ባለቤቴ ከመውለዷ በፊት የተመኘችው አንድ ሙሉ እንቅልፍ ነበር፤ ያንን እንቅልፍ ወስዳችሁባታል። ስለዚህ ወደፊት ባልና ሚስት ወዴት እንደሚሄዱ በራሳቸው አንደበት ሲናገሩ፣ ንግግራቸው ቢያንስ ለጊዜው እንደ እውነት እንዲያዝ በእድሩ ደንብ ላይ አንድ አንቀጽ እንዲጨመር በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ሳይጠራ ከሚደርስ ጎረቤት ጋር መኖር ያለውን ክብርና ድካም በየዕለቱ የሚያጣጥመው፣
ታዛዥዎ ሙሉቀን

ማስታወሻ፦ ረቡዕ ግንቦት 28 ቀን ከቀትር በኋላ ማህሌትን ምጥ ያዛት። «ምጥ ይዟታል፣ ሚኒባሱን ይላኩልን» ብዬ ስደውልልዎ፣ «አሁንስ ነቃንባችሁ፤ ተዝናኑ!» ብለው በሳቅ ስልኩን ዘጉት። ባለ ባጃጁ ካሚል አሳፍሮን፣ ጉድጓዱን ሁሉ እየቆጠርን ጤና ጣቢያ ደርሰን፣ ማህሌት ሴት ልጅ በሰላም ተገላግላለች። በዚያን ዕለት ጥሩምባ አልተነፋም፤ ከእድሩ አንድም ሰው አልመጣም።