እናቲቱ ትመጣለች የሚሉ ሰዎች

ሰኞ፣ ሰኔ 2። ጠዋት 3 ሰዓት

ገና የስፌት መኪናዬን ዘይት ሳልቀባ ሁለቱ መጡ። ጭቃቸው እስከ ጨርቄ። ልብስ ሊያሰፉ መስሎሻል ደብተሬ? ስለ መጪው ቅዳሜ፣ ስለ ተከታታይ ፊልሙ የመጨረሻ ክፍል ሊከራከሩ ነው። መ/ር ይታየው፣ ዕድሜ ልኩን ፊዚክስ ያስተማረ ሰው፣ የመንኮራኩሩ አዛዥ ከሌላው ዓለም ሲመለስ እናቱ ትቀበለዋለች ይላል። የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ሙሉቀን ደግሞ የወረርሽኙን መድኃኒት ያገኘችው እሷ ናት ይላል። ቆሎዬን ጨርሰው ሄዱ። አስጠሉኝ።

ፊልሙ ኮሪያ፣ ከሥሩ የሚወጣው ጽሑፍ ዓረብኛ። ከሚያዩት ውስጥ ያን የማነብ እኔ ብቻ ነኝ። ኩዌት ስድስት ዓመት የሰው ልጅ ሳስጠና የለመድሁት። ቅዳሜ ቅዳሜ ሙሉቀን ቪዲዮ ቤት ማይክ ይዤ በአማርኛ እተርክላቸዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3

ላንቺ ልናዘዝ። እናቲቱ ሞታለች። ባለፈው ክፍል። ለአዛዡ መልእክት ደረሰው፤ እናትህ ዐርፋለች ይላል። እኔ ማይኩን ይዤ፣ አሟታል፣ ሐኪም ቤት ናት አልሁ። ሲያለቅስ ናፍቆት ነው አልሁ። ቀጣፊ!

ሰበቤ ፊት ወንበር ላይ ነበረች። ስንታየሁ። ከጎኔ ያለውን ክፍል የተከራየች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። እናቷ እብናት ተቀብረው አርባቸው ወጥቷል። አልሰማችም። አጎቷ አያ ደሴ ጎረቤቱን ሁሉ አስምለዋል፤ የመውጫ ፈተናዋን ሳትጨርስ መርዶ እንዳይነገራት። እኔም ማልሁ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 4። ከቀኑ 11 ሰዓት

የፊልሙ ተመልካቾች የቴሌግራም ቡድን ሲንጫጫ ዋለ። አንዱ ከማስታወቂያው ላይ ጥላ ቆርጦ፣ በቀይ ከብቦ፣ እናቲቱ ናት አለ። በርሜል ነው። ሙሉቀን ይባስ ብሎ ስለት ገባ፤ አዛዡ ከእናቱ ከተገናኘ ለማርያም ጃንጥላ! ጾም በገባ በሦስተኛው ቀን። ለኮሪያ ተዋናይ። ይሉኝታ የሚባል ነገር ጠፋ።

አሁን ደግሞ ስንታየሁ መጣች። ስለ ፊልሙ የሷም ግምት ያው። ታማ ነበር፣ ድና ትመጣለች። እንደ እማዬ፣ አለች። እማዬ ስልክ የማያነሱት ጆሯቸውን ስላመማቸው ነው ብለዋታል ዘመዶቿ። ፈተናው ሲያልቅ ወንዛዬ ፍል ውኃ ልትወስዳቸው አስባለች። ለመንገዱ ቀሚስ እንድሰፋላቸው ልኬት ሰጠችኝ። ቁመት። ወገብ። እጅጌ።

ጻፍሁት። ደብተሬ፣ ጻፍሁት። እጄን ልቆርጠው ምንም አልቀረኝ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 5

እኔንስ? ኩዌት ሳለሁ አባቴ ሞቶ አራት ወር ሙሉ እርሻ ወርዷል ይሉኝ ነበር። ብርድ እንዳይመታው ካፖርት ገዝቼ ላክሁ። ተቀብለው በሱ ስም መረቁኝ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔ እያደር ከበደ።

አያ ደሴ ዘንድ ሄድሁ። ክፉ ሰው አይደሉም። እህታቸው ናት የሞተችው፤ እሳቸውም ለቅሷቸውን ውጠው ነው ያሉ። “ልጄ፣ ፈተናው ዘጠኝ ቀን ነው የቀረው። አሁን ብንነግራት የአራት ዓመት ልፋቷን ውኃ ሊበላው አይደል?” አሉኝ። ተመለስሁ።

ዓርብ፣ ሰኔ 6። ቀትር

ለሙሉቀን እውነቱን ነገርሁት። እናቲቱ ሞታለች፣ እኔ ነኝ የዋሸሁ። ሳቀ! “ታዲያ ትኑራ! ማን ዓረብኛ ያውቃል? ሕዝቡ የሚወደውን ተርኪለት።” ያዥ እንግዲህ። ፊቱ ላይ ልተፋበት ነበር። ምራቄ አፌ ውስጥ ደረቀ፤ ሰውየው የተናገረው እኔ ያደረግሁትን ነው።

ያው ቀን፣ 12 ሰዓት

ተመልሼ አያ ደሴ ዘንድ። ቆሜ ነገርኋቸው። ቀሚሱን አልሰፋም። ፈተናው በዓመቱም ይመጣል። ለሞተ ሰው ልብስ እየገዛች መኖሯን የሰማች ቀን ግን ማናችንንም አታምንም፤ እኔም ከአባቴ ወዲህ ማንንም አላመንሁም። ወይ አንቱ ንገሯት ወይ እኔ። ሽማግሌ ይዤ ንጋት ላይ እመጣለሁ አሉ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 7። ንጋት 11 ሰዓት ተኩል

ለሙሉቀን መልእክት ላክሁለት፤ የዛሬውን ራስህ ተርክ። ስንታየሁ ተነሥታለች። በግድግዳው በኩል ጮክ ብላ ስታጠና ይሰማኛል። ነጠላዬን አዘቅዝቄያለሁ። የእግር ኮቴ ግቢ ገባ፣ አያ ደሴ ሲያስሉ ሰማሁ። ማጥናቷን አቆመች። በር ከፍታ ማነው እያለች ነው። ልውጣ—