መጋቢት 31 ቀን ስለ ተመሠረተው ማኅበር

ለክቡር አቶ ጥጋቡ፣
የዚል ሸለቆ ኢትዮጵያውያን መረዳጃ ማኅበር ሊቀመንበር፣
አድሊስቪል፣ ስዊዘርላንድ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ምን አለ? እኔ ከቅዳሜው የልጆች ትምህርት ቤት ካሰናበቱኝ ወዲህ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ቅዳሜዬን ነጻ ስላደረጉልኝም ይህን ለመጻፍ ጊዜ አግኝቻለሁ። በስንብት ደብዳቤዬ ላይ «ለልጆች ጥርጣሬ አስተምሯል» የሚል ስለ ሰፈረ፣ ጥፋቴን ራሴ ልናዘዝ።

1. የታሪክ ተማሪዎቼ አንድን ነገር ከማመናቸው በፊት ምንጮችን ጎን ለጎን አድርገው እንዲያመዛዝኑ አስተማርኋቸው። ለመለማመጃም ቀላል ይሆናል ብዬ የገዛ ማኅበራችንን አመሠራረት ሰጠኋቸው። ይቅርታዎን እለምናለሁ።

2. የምሥረታ በዓሉ መጽሔት ማኅበሩን እርስዎ እንደ መሠረቱት ይናገራል። ልጆቹ ግን ቀድሞ እዚህ ኖረው፣ በኋላ በጄኔቭ የዲፕሎማት ቤት ሲሠሩ ቆይተው፣ ዛሬ በዚያው አቅራቢያ ኦኔ በምትባል ከተማ በጡረታ ለተቀመጡት ለወይዘሮ ትርፍነሽ ጽፈው፣ የመጀመሪያውን ቃለ ጉባኤ ቅጂ አገኙ። «መሥራችና ሰብሳቢ ትርፍነሽ» ይላል፤ ቀኑም መጋቢት 31 ቀን 1996 ነው። የእርስዎ ስም የለበትም፤ በፈረንጆቹ 2001 ስዊዘርላንድ እንደ ገቡ በዚያው መጽሔት ስለ ጻፉ፣ ባይኖር አይደንቅም።

3. እርስዎም ክፍላችን ድረስ መጥተው፣ ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስለሆነ ያኔ እዚሁ እንደ ነበሩ፣ የስብሰባው ዕለት ግን አሞዎት ወይዘሮዋን እንደ ወከሉ አስረዱን። ይኼኔ የአሥራ ሁለት ዓመቷ ናፍቆት እጇን አውጥታ፣ በእኛ አቆጣጠር ወሩ ሠላሳ ቀን ብቻ ከሆነ ሠላሳ አንደኛው ከየት እንደ መጣ በትሕትና ጠየቀችዎ። መልሱን በሳምንቱ ሰጧት፤ የታሪክ ክፍላችንን ዘግተው።

ክቡር ሊቀመንበር፣ ተናድጃለሁ፤ ቂምም ይዣለሁ። እኔን ማባረርዎ ይሁን። አዲስ የመጣውን ሁሉ፣ እርስዎን ጨምሮ፣ ከዙሪክ ባቡር ጣቢያ እየተቀበሉ ያሳደሩትን ሴት ስም መፋቅዎን ግን አልምርዎትም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ቢባልም፣ እኔ እስኪያድር መጠበቅ አልቻልሁም። ቃለ ጉባኤውን አባዝቼ ለአባላቱ በሙሉ ልኬዋለሁ፤ ወይዘሮ ትርፍነሽም በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ተገኝተው ንግግርዎን ከፊት ወንበር ሊያዳምጡ ቃል ገብተውልኛል።

ከራስዎ ኑሮ ቆርሰው እንዲህ ያለ ምርጥ መለማመጃ ስላበረከቱልን ከወገቤ ዝቅ ብዬ እያመሰገንሁ፣ ሥልጣንዎ እስከ ጉባኤው ዕለት ድረስ እንዲሰነብት የምመኝልዎ፣

ሙሉነህ
በእርስዎ ቸርነት የቀድሞ የታሪክ መምህር

ማስታወሻ፦ ልጅዎ ቢኒያም በዚህ ትምህርት ከስድስት ስድስት አግኝቷል፤ እንኳን ደስ አለዎት። ድርሰቱን የሚጨርሰው እንዲህ ብሎ ነው፦ «አባቴን እወደዋለሁ፤ እንደ ምንጭ ግን ብቻውን አይበቃም።»