ክፍሉን ለኳስ ተጫዋች የለቀቁት የአቶ ፍቅረማርያም ዘውዴ የሕይወት ታሪክ

በሞተ ሰው ላይ ቅያሜ አይነገርም ይባላል። ታናሽ እህታቸው ገንዘቤ ግን ያላትን ቅያሜ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በቁማቸው ስትነግራቸው ኖራለችና ዛሬ ብትደብቀው እሳቸውም አይወዱላትም። ክፍሏን ለቤዝቦል ተጫዋች ሰጡባት። ሳይጠይቋት። ቅያሜው ይኸው ነው።

አቶ ፍቅረማርያም ከአባታቸው ከአቶ ዘውዴ ተሰማ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ እታፈራሁ ወልዴ በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ፣ መሐል ሜዳ ሐምሌ 5 ቀን 1953 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እዚያው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ፤ ከዚያም ደብረ ብርሃን ወርደው ትምህርታቸውን ቀጠሉ። ዐሥራ አንደኛን ሳይጨርሱ፣ በ1971 ዓ.ም.፣ በዘመኑ በነበረው ችግር ምክንያት በእግራቸው ወደ ሱዳን ወጡ። ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ ብስክሌት እየጠገኑ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ1983 በስደተኝነት አሜሪካ ገቡ። መጀመሪያ ዳላስ ነበሩ። ላስ ቬጋስ የመጡት በዚያው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1989 ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለው ዘመንም በዚሁ ይቆጠራል።

እዚህ እንደመጡ ስትሪፕ በሚባለው የካዚኖዎች ጎዳና ላይ ባለ ትልቅ ካዚኖ፣ በግብዣ አዳራሹ፣ ጠረጴዛና ወንበር የሚዘረጋው ቡድን ውስጥ ተቀጠሩ፤ ጡረታ እስኪወጡም ከዚያ አልተነቃነቁም። በ1992 ከወ/ሮ ስጦታ ኃይሌ ጋር በቅዱስ ጋብቻ ተወስነው በ1995 ልጃቸውን ሐሴትን ወለዱ። በ1998 ዊንቸስተር ሰፈር ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ገዙ። ወ/ሮ ስጦታ በ2009 ዓረፉ። ከዚያ በኋላ አላገቡም። አግባ ያላቸውም ሰው ሁለተኛ አልደገመም፤ ዓይናቸው ይበቃ ነበር።

ቤዝቦልን ያወቁት ከጀርባው ነው። በ1999 በከተማችን ባለው ትንሽ የቤዝቦል ክለብ ሜዳ ላይ፣ ከካዚኖው ሺፍታቸው በኋላ መኪና ፓርክ የሚያስደርግ ሥራ ያዙ። ጀርባቸውን ለጨዋታው ሰጥተው እየቆሙ፣ ከጩኸቱ ብቻ ማን እንደመታ ያውቃሉ ይባል ነበር። እሳቸው ይህን ሲሰሙ ስቀው፣ «ግማሹን እኮ እሳሳታለሁ» ይሉ ነበር። ቢሆንም ኳስ ባለበት ቀን ካዚኖው ለኦቨርታይም ቢጠራቸው እሺ ብለው አያውቁም።

እህታቸውን ወደዚህ ለማምጣት ያመለከቱት በ2001 ሲሆን ቪዛው የወጣው በ2014 ነው። ሐሴት በዚያ ጊዜ ሬኖ ከተማ ለትምህርት ሄዳ ስለነበር ክፍሏ ለገንዘቤ ተዘጋጀ። ቀለሙን ገንዘቤ ራሷ በስልክ ሰማያዊ ይሁን ብላ መርጣ፣ እሳቸው በእጃቸው ቀቡት። ትመጣለች ያሉት በመስከረም ነበር። እሷ ግን በሰኔ ከች አለች።

በሩ ተከፍቶ ስትገባ ሰማያዊው ክፍል ውስጥ ትከሻው በር የሚያህል ሰው ተኝቷል።

«ጋሼ፣ ይሄ ማነው?»

«ማኑ ነው። ኳስ ተጫዋች ነው።»

«የተኛው የማን አልጋ ላይ ነው?»

«ያንቺ። ግን ለጊዜው ነው፣ ገንዝዬ።»

ማኑ አገሩ ዶሚኒካን ነው። በክለቡ ካቸር ነበር፤ ካቸር የሚሉት ቁጢጥ ብሎ የሚወረወረውን ኳስ የሚቀበለውን ነው። ያስጠጋው ቤተሰብ ድንገት ወደ አሪዞና ተዛውሮ ማደሪያ አጣ። አቶ ፍቅረማርያም ይህን መኪና ማቆሚያው ላይ ሰምተው፣ እንግዲህ ሰው ውጭ ሊያድር ነው ብለው ይዘውት መጡ። ማኑ ነገሩ ሲገባው ደንግጦ ትራሱን አንስቶ መሬት ሊተኛ ተነሣ። እሳቸው ግን «እንግዳ መሬት አይተኛም» ብለው መለሱት። ስለዚህ ገንዘቤ ሳሎን ሶፋው ላይ ተኛች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ገንዘቤ ዛሬም ድረስ ስታስበው ይደንቃታል።

ክለቡ ተጫዋች ላስጠጋ ሰው በየወሩ ጥቂት ገንዘብ ይልካል። የመጀመሪያው ቼክ ቤት እንደደረሰ አቶ ፍቅረማርያም ፊታቸው ጠቆረ። በማግስቱ ቼኩን ይዘው ቢሮ ገብተው የሥራ አስኪያጁ የሚስተር ዌልደን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና፣ «እንግዳዬን ልታከራዩኝ ነው?» አሉት። ሰውዬው ማኑን ሊያስወጡት የመጡ መስሎት ደነገጠ። ገንዘቡ አንሷቸው ይሆናል ብሎም ልጨምርልዎት አላቸው። ያን ጊዜማ ይብሱኑ ተቆጡ። እሳቸው ያወቁት የመንዝ ወግ ነው፤ ሌላ ያሰቡት ነገር አልነበረም።

ነገር ግን ይህ ክለብ በቴሌቪዥን እንደምናያቸው ሀብታም ክለቦች አይደለም። ሊጉ ለያንዳንዱ ክለብ የደመወዝ ልክ ይቆርጥለታል፤ ከዚያ በላይ አንዲት ሳንቲም መክፈል አይቻልም። ለተጫዋች ማደሪያ የሚወጣውም እዚያው ልክ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ጨዋታው በመስከረም ሲያልቅ፣ እኛ ቤዝቦል ተኛ ስንል፣ ሌላ ጨዋታ ቢሮ ውስጥ ይጀመራል። ነባሩ ተጫዋች ይቆይ ከተባለ ጀማሪ ልጆችን ማምጣት አይቻልም። ልጆቹ ይምጡ ከተባለ ነባሩ ሻንጣውን ያነሣል። ሰዎቹ ክፉዎች ሆነው አይደለም። ጋቢው አጭር ነው፤ ራስ ሲሸፈን እግር ይወጣል።

ማኑ ነባር ነበር። ጉልበቱም ታሟል። በዚያ ዓመት በብርዱ ወራት ስሙ ከሚሄዱት ጋር ነበር። ሆኖም በአቶ ፍቅረማርያም ቁጣ የተመለሰው ገንዘብ ሲጠራቀም የአንድ ጀማሪ ልጅ ደመወዝ አከለ። ልጁም መጣ፤ ማኑም ቀረ። እስቲ ልብ በሉ፦ እንግዳ አይሸጥም ያለ አንድ ሰው፣ ሳያውቀው፣ የአንድ ክለብ የብርድ ወራት ምክር ውስጥ ገብቶ የሰው እንጀራ እንዳይቋረጥ አደረገ። ሲነገራቸው ምን አሉ? «ታዲያ ሌላ ጊዜም ገንዘባችሁን አልቀበልም» ብለው ወደ መኪና ማቆሚያው ተመለሱ።

ስለዚህ «ለጊዜው» የተባለው በየዓመቱ ተደገመ። ጨዋታው ሲያልቅ ማኑ አገሩ ይሄዳል፤ ገንዘቤ ወደ ሰማያዊው ክፍል ትገባለች። በሚያዝያ ማኑ ይመለሳል፤ ገንዘቤ ልብሷን ታቅፋ ትወጣለች። ማኑ ልብሷን ሊይዝላት ይሯሯጣል፤ እሷ በአማርኛ ትሰድበዋለች፤ እሱም ከዚሁ ስድብ አማርኛ ለመደ። እቴቴ ይላታል። ሐሴት ምክንያቱን ሁሉ ካስረዳቻት በኋላ እንኳ ገንዘቤ ወንድሟን መውቀሷን አልተወችም። «የሠራኸውን ሥራ አይደለም የምቃወመው፣ ጋሼ። ብትጠይቀኝ እሺ እልህ ነበር» ትላቸዋለች። እሳቸውም «እሺ እንደምትይ ስለማውቅ ነዋ!» ይላሉ። ይህን ጊዜ ደሟ ይፈላል።

በ2016 እየተነጫነጨች ሜዳ ሄደች። ምን የሚያህል ነገር ነው የኔን አልጋ የወሰደው ብላ ለመፍረድ ነው የሄደችው። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ የበረሃው ሙቀት ፊት ይጋረፋል፤ ሳሩ ግን የውኃ ዳር ሳር ይመስላል። ማኑ ጭንብሉን አጥልቆ ቁጢጥ አለ። አቶ ፍቅረማርያም ያን ቀን ፈቃድ ጠይቀው ከጎኗ ተቀምጠው ነበርና በጣታቸው አሳዩዋት። «እይ፣ ስምንቱ ወደሱ ፊታቸውን አዙረዋል። እሱ ብቻ ወደነሱ ያያል። የሚያየውን ሌላ ማንም አያየውም።» ገንዘቤ አየች። ያ ሰው ከጉልበቱ ሥር ጣቱን ያንቀሳቅሳል፤ ወርዋሪው ራሱን ይነቀንቃል፤ ሩቅ ያሉት ሦስት ልጆች ሳይጠሩ ቦታ ይለውጣሉ። አንድም ቃል አልወጣም። ኳሱ ሲመጣ ዓይን አይይዘውም፤ ድምፁ ብቻ ይሰማል። ዐሥር ጊዜ ወድቆ በዚያ በታመመ ጉልበቱ ሲነሣ፣ ሰው ሁሉ አብሮት ይነሣል። ገንዘቤ ለመፍረድ ሄዳ አፏን ይዛ ተመለሰች። በዚያ ሁሉ ሰው፣ በዚያ ሁሉ መብራት መሐል ያለው ሰው እዚያ የተገኘው እሷ ሶፋ ላይ ስለተኛች ነው። ይህን ለማንም አልተናገረችም። ለእሳቸውማ በፍጹም።

አቶ ፍቅረማርያም በ2024 የኩላሊት ሕመም ጸናባቸው። በሳምንት ሦስት ቀን ዲያሊስስ ይሄዱ ነበር። ጨዋታ ሲኖር ሐሴት ከኖርዝ ላስ ቬጋስ እየነዳች፣ ሳይኖር ማኑ ያመላልሷቸው ነበር። ዘንድሮ ማኑ ጨዋታ ካለቀም በኋላ አገሩ አልሄደም፤ ጋሼን ትቼ አልሄድም ብሎ ቀረ። ገንዘቤም በብርዱ ወራት ሳይቀር ሶፋው ላይ ተኛች። ወቀሳውንም አላቋረጠችም። ታመው እንኳ ይስቁ የነበረው በዚሁ ነው።

ማኑ ዕድሜው አርባ ሊሞላ ነው። ክለቡ አንድ ተጨማሪ ዓመት ተጫውቶ ከጨረሰ በኋላ አሠልጣኝ ሊያደርገው ቃል ገብቶለታል፤ የአሠልጣኝ ደመወዝ ከዚያ ከተቆረጠው ልክ ውጭ ነው። ይህ ዓመት ከቀረበት ግን አርባ ዓመት የሞላው ካቸር የሚወስድ ሌላ ክለብ የለም።

አቶ ፍቅረማርያም በሕክምናና በጸሎት ሲረዱ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 18 ቀን 2026፣ ጥር 10 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በከተራ ዕለት በተወለዱ በ64 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል።

ለቅሶው ላይ በሦስተኛው ቀን ሚስተር ዌልደን አበባ ይዞ መጣ። ሰው ሲቀመጥ ተቀመጠ፤ ሰው ሲነሣ ተነሣ። ስለ ማኑ አንድም አላነሣም። ገንዘቤ ሐሴትን አጠገቧ አስቀምጣ፣ «ማኑ ዘንድሮ አለ ወይ በይው» አለች።

ሰውዬው መሬት መሬት አየ። ሚስተር ፍቅሬ ስለሌሉ የማኑ ማደሪያ ከደመወዙ ልክ ውስጥ ሊቆጠር ነው፤ ያ ከሆነ አይበቃም አለ። ክለቡ ውስጥ የሚቆዩት ተጫዋቾች ስም በወሩ መጨረሻ ለሊጉ ይሰጣል። በለቅሶ ቤት ይህን ማንሣት ነውር መስሎት ነው ዝም ያለው።

«የሞተው ፍቅረማርያም ነው» አለች ገንዘቤ። «ቤቱ አልሞተም።»

ሐሴት ተረጎመችለት። ሰውዬው ተንፈስ ብሎ፣ ታዲያ እንደ በፊቱ ነው? አለ።

«እንደ በፊቱማ አይደለም። በፊት እኔን የጠየቀኝ የለም። ጠይቀኝ በይው።»

«አክስቴ፣ ሰው እኮ ያየናል!»

«ይየና!»

ሚስተር ዌልደን ሽበታም ሰው ነው፤ ከወንበሩ ተነሥቶ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ ወ/ሮ ገንዘቤ ብሎ ስሟ እየተሰባበረበት፣ ማኑን ቤትዎ ያሳድሩልናል ወይ ብሎ ጠየቃት። ሐሴት እያለቀሰችና እየሳቀች፣ «አክስቴ፣ በጣም ፕሊዝ አለ» አለቻት።

«አስብበታለሁ በይው» አለች ገንዘቤ፤ ሻይም አቀረበችለት።

አቶ ፍቅረማርያም ከአንዲት ልጃቸው ሐሴት፣ ከአማቻቸው ከፍራኦል እና ከልጅ ልጃቸው ከእምነት፣ ከእህታቸው ከገንዘቤ ተለይተዋል። ማኑም ከቤተሰቡ ጋር ይቆጠራል፤ የሚቃወም ካለ ገንዘቤን ያነጋግር። ለእንግዳ በራቸውን ገርበብ አላደረጉምና አምላካቸው የእሱን በር ወለል አድርጎ ይክፈትላቸው። «ለጊዜው ነው» የማይባልበት ማረፊያ ይስጣቸው። ከተማውን በዚህ ብርድ አቋርጣችሁ ለቅሶ የደረሳችሁ ሁሉ፣ ቤታችሁ አይጉደል።

ትናንት ጠዋት ማኑ ሻንጣውን ሸክፎ ሰማያዊው ክፍል በር ላይ ቆሞ ነበር። ገንዘቤ ቀና ብላ አየችውና፣ «ከክፍሌ ውጣ» አለችው። እሱም «እሺ፣ እቴቴ» ብሎ ሻንጣውን አንሥቶ ወደ ውጭው በር ዞረ። እሷ ሻንጣውን ከእጁ ነጠቀችው። እየጎተተች የወንድሟን ክፍል ከፍታ ገባች፤ አልጋው ንጹሕ አንሶላ ለብሷል፤ ሻንጣውን እላዩ ላይ ጣለችው። ቀጥላ ለሐሴት ደውላ፣ «ለሰውዬው አስቤበታለሁ በይው። እሺ ብያለሁ» አለቻት። ከዚያ ሳሎን የተንጠለጠሉ ቀሚሶቿን አንድ በአንድ አንሥታ ወደ ሰማያዊው ክፍል ገባች፤ በሩንም ከውስጥ ዘጋችው።