ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ስለሚሞቀው ሳሎኔ

ለሰፈራችን የማሞቂያ መረብ ጽሕፈት ቤት፣ የኮምፒውተር ማስመሰያ ክፍል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ካልሲ በካልሲ ላይ ደርቤ መተኛት መጀመሬን ለሕዝብ በታላቅ ኀዘን አሳውቃለሁ። ይህን ካልኩ በኋላ፣ እርስዎ፣ ባልደረቦችዎና ኮምፒውተርዎ እንደምን ሰነበታችሁ? በተለይ የኮምፒውተርዎን ጤና አጥብቄ እጠይቃለሁ፤ እኔም እሱ ውስጥ እኖራለሁና።

ደረጃው ሥር ከለጠፋችሁልን ማብራሪያ እንደተረዳሁት፣ ከጣሪያችን ፀሐይና ከኮረብታው ነፋስ የሚገኘው ኃይል ውሃ ያሞቃል፤ ውሃውም በቧንቧ በየቤታችን ይዞራል። ኮምፒውተርዎ ደግሞ ሕንፃችንን ቤት በቤት አስመስሎ ይዞ፣ ነገ ነፋሱ ቢደክም ማን እንደሚበርደው ዛሬውኑ ያሰላል፤ ከሞቀው ቤት ቀንሶም ለበረደው ይሰጣል። ለዚህ ጥበብ ያለኝን ምስጋና ጓንት ባጠለቀ እጄ እየጻፍኩ፣ ጥቂት ቅሬታዎችን አስከትላለሁ፦

1. የየቤቱ ሙቀት በደረጃ በሚወጣበት በመግቢያው ሰሌዳ ላይ የእኔ ቤት፣ አራተኛ ፎቅ የመስመሩ መጨረሻ፣ ሃያ ስድስት ዲግሪ ተብሎ ተጽፏል። ሳሎኔ ውስጥ ያለው ቴርሞሜትር ግን አሥራ ሦስት ይላል። ኮምፒውተር ውስጥ ያለው እኔ በሸሚዝ ተንፈላሶ ተቀምጧል ማለት ነው፤ ይህን የምጽፈው እኔ ካፖርት ለብሻለሁ። እቀናበታለሁ፣ አልዋሽም። ባለቤቴማ "ያኛው ባሌ ይሻለኛል፤ አያስነጥስ፣ አይነጫነጭ" ማለት ጀምራለች።

2. ጉዳዩን ለማጣራት ምድር ቤት ወረድኩ። በቤቴ ቁጥር የተመዘገበው የሙቀት መለኪያ ዋናው የሙቅ ውሃ ቧንቧ አጠገብ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፤ ሥሩም የጥበቃው ድመት ተዘርራ ታንኮራፋለች። ቴክኒሻንዎ አራት ፎቅ መውጣት ሰልችቶት ይሆናል፣ እኔን ሳያማክር እዚያው ሰቅሎት ሄዷል። ኮምፒውተርዎ የሚያሰላው የድመቷን ምቾት ነው፤ በዚህ ረገድ ስሌቱ እንከን የለውም።

3. ከእኔ የሚቀነሰው ሙቀት የት እንደሚሄድ ባላውቅ በተሻለኝ ነበር። ሁለተኛ ፎቅ፣ የልጄ ባል አባት ቤት ነው የሚሄደው፤ አማቼ ዘንድ። ነፋሱ በደከመ ቁጥር የእኔ ማሞቂያ ይቀዘቅዛል፣ የእሱ ይግላል። እሱም በሩን ወለል አድርጎ ይከፍትና "ኧረ በላብ አለቅን!" ይላል። እንዲህ የሚጮኸው አራተኛ ፎቅ ድረስ እንዲሰማ ነው፤ ይሰማል።

4. ይህንም ቻል አድርጌው በኖርኩ ነበር። ዳሩ ግን ልጄ የሦስት ሳምንት ሕፃኗን ታቅፋ እኛ ዘንድ ልትሰነብት መጣች። የሕፃን አልጋውን በገዛ እጄ ሠርቼ፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ ስጠብቃት ነበር። ልጄ የሕፃኗን አፍንጫ ነካ አድርጋ "አባዬ፣ በረዶ ሆነችብኝ እኮ!" አለችና፣ ዕቃዋን ሰብስባ ሁለተኛ ፎቅ ወረደች። አሁን የልጅ ልጄ የምትተኛው አማቼ ደረት ላይ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ያለችውም ለእሱ እንደሆነ ደረጃ ላይ ነግሮኛል። ሁለት ጊዜ ነገረኝ፤ ሁለተኛውን ጊዜ አልጠየቅኩትም። የመጀመሪያውንም ቢሆን።

ስለሆነም መለኪያዬ ከድመቷ ራስጌ ተነሥቶ ወደ ሳሎኔ እንዲወጣልኝ፣ ኮምፒውተር ውስጥ ያለውም እኔ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት እንዲንዘፈዘፍልኝ በትሕትና እለምናለሁ። አልጋው ባዶውን ነው።

ከማሞቂያዬ እጅግ በሚሞቅ አክብሮት፣ ማለትም ለብ ባለ አክብሮት፣

ጡረታ የወጣው አናጺ፣ የመስመሩ መጨረሻ ነዋሪ፣ የአራት ካልሲዎች ባለቤት

ድኅረ ጽሑፍ፦ መለኪያውን የሚያነሣው ሰው ድመቷን እንዳይቀሰቅስ አደራ። በአገልግሎታችሁ የረካች ብቸኛ ደንበኛ እሷ ናት።

እርማት፦ በተራ ቁጥር 2 ላይ "እኔን ሳያማክር" የተባለው "በእኔ ጥያቄ" ተብሎ ይነበብ። መለኪያ ቀድሞ የተሰቀለለት አማቼ፣ በሃያ ሁለት ዲግሪ የሰሌዳው አንደኛ ሆኖ ሳምንቱን ሙሉ መግቢያው ላይ ሲንጎራደድ ስለ ነበር፣ ቴክኒሻኑን "ወንድሜ፣ እባክህ እሱን የምበልጥበት ቦታ ስቀልልኝ" ብዬው ነበር። ይህ ደብዳቤ እስከ ተጻፈበት ሰዓት ድረስ አንደኛ ነኝ።