ከማን ኋላ ትሄጃለሽ?

ሰቆጣ፣ ሰኔ 14 ቀን 1995 ዓ.ም.

ውድ ይመኙሻል፣

እንደምን ከርመሻል? የኒሯቅ ሙቀትስ እንዴት ይዞሻል? ተማሪዎችሽ ያስቸግሩሽ ይሆን? እኛ ደኅና ነን። ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር ሳልጽፍልሽ ቆይቼ ዛሬ በአንድ ጊዜ ይህን ሁሉ ገጽ ስልክልሽ፣ «እትዬ ሰርካለም ምን ነካት?» እንደምትዪ አውቃለሁ። ምንም አልነካኝም። የምጠይቅሽ ነገር አለ፤ ከዚያ በፊት ግን የማነሣው ጥፋት አለብኝ። ይቅርታ መጠየቅ እንደማይሆንልኝ አንቺም አገሩም ያውቃል፤ ስለዚህ ድፍረቱ ሳይከዳኝ ዳር ዳር ሳልል ልጀምር።

በ1993 ዓ.ም. የፍልሰታ ጾም ተፈቶ ሻደይ በወጣ ሰሞን፣ ከሰፈርሽ ልጃገረዶች ጋር አሥራ አንድ ሆናችሁ ስትጨፍሩ ውላችሁ ወደ ደብራችን መጣችሁ። ቄጠማው ገና ወገባችሁ ላይ ነበር። እኔ የሰንበት ትምህርት ቤቱን ሕፃናት ወይራው ሥር ሰብስቤ ድምፄ እስኪዘጋ እጮኻለሁ። ቀርበሽ፣ ልጆቹ በዝተውብኛልና ብታግዙኝ ደስ እንደሚላችሁ በትሕትና ነገርሽኝ። እኔ ደግሞ ከእግር እስከ ራስሽ አየሁሽና እናቶቹም ዲያቆናቱም በቆሙበት፣ «ለዘፋኝ ሕፃን አናስይዝም» አልኩሽ። ሐቁን ልንገርሽ፣ ያን ጊዜ ጥሩ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። ወደ ቤቴ ስሄድም ቃሉን ደጋግሜ ለራሴ ብዬዋለሁ።

አንቺ አልተቆጣሽም። «እሺ፣ እትዬ። ልጆቹ ግን ብዙ ናቸው፤ አንቺ አንድ ነሽ» ብለሽ ጓደኞችሽን ይዘሽ ወጣሽ። መስከረም ላይ ለመምህርነት ኒሯቅ ስትመደቢ ሰፈሩ ሁሉ ሲሸኝሽ እኔ አልመጣሁም። ሥራ ይዟት ነው አስባልኩ። ውሸት ነው፤ ቤቴ ተቀምጬ ነበር።

ከዚያ በኋላ የራሴን ኮሚቴ አቋቋምኩ። እንዴት ያለ ኮሚቴ መሰለሽ! ሁለት ዲያቆናት፣ ሦስት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች፤ ሁሉም ዳዊት የደገሙ፣ ድምፃቸው ያማረ፣ እናቶች ለልጃቸው የሚመኟቸው ዓይነት። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ንብረት ክፍል ብዬ ስማቸውን በወረቀት ጽፌ በር ላይ ለጠፍኩ። የመጀመሪያዎቹ አራት ስብሰባዎች ያለቁት በማኅተም ጉዳይ ነው። ክብ ይሁን፣ ሞላላ ይሁን፣ መሐሉ ላይ መስቀል ይግባ፣ መጽሐፍ ይግባ። ስለ ልጆቹ አንድ ቀን እንኳ አልተነጋገርንም። በዓመቱ ሁለቱ ዩኒቨርሲቲ ገቡ፣ አንዱ ሥራ አግኝቶ ወልድያ ወረደ፣ አንዱ ዲያቆን ለትምህርት ወደ ጎንደር ሄደ። የቀረው ዲያቆን ምንዋጋው ብቻ ነበር፤ እሱም በዚያው ሰሞን አግብቶ ጫጉላ ላይ ነው። ማኅተሙ ሳይቀረጽ ኮሚቴው አለቀ።

ብቻዬን ቀረሁ። መቶ ስድሳ ልጅ! ከበሮ የምመታ እኔ፣ የማስተምር እኔ፣ ሽንት የሚመጣበትን የማወጣ እኔ፣ ጥል የምገላግል እኔ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን ተረት ለልጆቹ የማስተምረውም እኔው ነበርኩ። ሰው «አይከብድሽም ወይ?» ሲለኝ «እግዚአብሔር ያበረታኛል» እላለሁ። እሱስ ያበረታኛል፤ ግን ረዳት ላከልኝና ያባረርኩት እኔ ነኝ።

የዘንድሮው ጥምቀት ጉዴን አወጣው። ልጆቹን ነጭ አልብሰን ታቦቱን ተከትለን ወረድን። ስንመለስ ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ሆነ። ደብሩ ደርሰን ልጆቹ ለየእናታቸው ሲሰጡ፣ እማዋይሽ የምትባል የገበያ ዳር ሴት ወደ እኔ መጣች። ባንቺ የምትባል የአምስት ዓመት ልጇ የለችም። አልጮኸችም፣ አልሰደበችኝም። «ስንት ልጅ ይዘሽ ነው የሄድሽው?» ብቻ አለችኝ።

አላውቅም ነበር፣ ይመኙሻል። ስንት ልጅ ይዤ እንደ ሄድኩ አላውቅም ነበር። መቶ ጊዜ ብሰደብ እንደዚያ አላፍርም። ወደ ባሕረ ጥምቀቱ እየሮጥን ያየነውን ሁሉ ጠየቅን። እማዋይሽ ከጎኔ እየሮጠች ትንፋሿ ይሰማኛል፤ ዞሬ ፊቷን ማየት ግን አልቻልኩም።

መንገዱ አጋማሽ ላይ ጓደኛሽን መስታወትን አገኘናት። ባንቺን አዝላታለች፤ ልጅቷ ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ወስዷታል። ለካ የሻደይ ጓደኞችሽ ለበዓሉ ወጥተው ሳለ ከልጆቹ ኋላ አንድም ትልቅ ሰው እንደሌለ አይተው፣ ማንም ሳይጠራቸው ሁለቱ ከኋላ፣ ሌሎቹ ከግራና ከቀኝ ገብተው ሲጠብቁልኝ ኖረዋል። ሦስት ወደ ኋላ የቀሩ ልጆችንም ቀድመው ለየቤታቸው አድርሰዋል። እኔ ከፊት ሆኜ ከበሮ እየመታሁ አንዱንም አላየሁም። ማን አዘዛችሁ ብዬ ብጠይቃት መስታወት ግራ ገባት። «ሻደይ ስንጨፍርም እያንዳንዷን ደጃፏ ሳናደርስ አንበተንም። ይመኙሻል ያስለመደችን ነው» አለችኝ።

ወሬው ሰበካ ጉባኤው ዘንድ ለመድረስ አንድ ቀንም አልፈጀበት። አስተዳዳሪያችን አባ ወልደ ሐዋርያት አስጠሩኝ። እስከ ትንሣኤ ድረስ ልጆቹን የሚጠብቁ ሰዎች ካላመጣሁ የሕፃናት ክፍሉ እንደሚዘጋ ቁርጡን ነገሩኝ። 

እናም ኩራቴን ዋጥ አድርጌ መስታወት ቤት ሄድኩ። ከአሥራ አንዳችሁ ሰባቱ ተሰበሰቡ፤ ሦስቱ አግብተው ጋዝጊብላ ናቸው፣ አንቺም ኒሯቅ ነሽ። እሺ ለማለት ጊዜ አልወሰደባቸውም። ልምዳችሁን የሰማሁት ያን ቀን ነው፤ አለቃ እጅ በማውጣት እንደማትመርጡ፣ አንድ ትልቅ ሰው እያንዳንዷን ለብቻዋ ጠርቶ «ከማን ኋላ ትሄጃለሽ?» ብሎ እንደሚጠይቅ፣ ራስን መጥራትም ነውር እንደሆነ። የመስታወት አያት እማሆይ ወለተ ገብርኤል ጠያቂ ሆኑ። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ፣ ሲመርጡኝ የምናገረውን በልቤ አዘጋጃለሁ። አትሳቂ።

ስድስቱ አንቺን ጠሩ። ኒሯቅ ያለሽውን አንቺን! እኔን የጠራችኝ መስታወት ብቻ ናት፤ እሷም በኋላ «እንዳይከፋሽ ብዬ ነው እትዬ» ብላ ነገረችኝ። እማሆይ ግን በዚህ አልለቀቁኝም። ወደ እኔ ዞሩና፣ «አንቺስ ልጄ፣ ከማን ኋላ ትሄጃለሽ?» አሉኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ከፊት ስሄድ ነው የኖርኩት። ላስብበት ብዬ ወጣሁ፤ በንዴት ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም። በሦስተኛው ቀን ተመልሼ ስምሽን ለእማሆይ ነገርኳቸው። ሲወጣልኝ ተሰማኝ።

የሰባቱን ስም ይዤ ሰበካ ጉባኤው ፊት ስቀርብ አቶ ወርቅአገኘሁ፣ ያ ቁጡው ሽማግሌ፣ «እነዚህ ዘፋኞቹ አይደሉም እንዴ?» አሉ። የገዛ ቃሌ ነው እንግዲህ፤ እኔ ለቅቄው አገር ለምዶታል። ቃሉ የእኔ እንደሆነ፣ ሰው ፊት እንደ ተናገርኩት ሰው ፊት እንደምመልሰው ነገርኳቸው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝቡ ሳይበተን፣ አባ ወልደ ሐዋርያትን አስፈቅጄ ቆምኩ። «ይመኙሻልን እዚሁ ግቢ ዘፋኝ ብዬ ያባረርኳት እኔ ነኝ። ዋሽቻለሁ። በጥምቀት ልጆቻችሁን የጠበቁላችሁ እሷ ያሠለጠነቻቸው ናቸው» አልኩ። እናትሽ ከሴቶቹ መሐል ነበሩ፤ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት። በኋላ መጥተው ግንባሬን ሳሙኝ። እኔም እንደ ልጅ አለቀስኩ።

አሁን ሥራው ያማረ ነው፤ መጥተሽ ብታዪ ትኮሪያለሽ። እያንዳንዷ የሰፈሯን ልጆች ከየደጃፉ ሰብስባ ታመጣለች፣ ቆጥራ ትመልሳለች። ከገጠር መጥተው አማርኛ ያልጠናላቸውን መስታወት ባገውኛ ታስረዳቸዋለች፤ ድሮ ፈዛዛ እላቸው የነበሩት ልጆች ዛሬ ጥያቄ የሚጠይቁ እነሱ ሆነዋል። ምንዋጋው ከጫጉላው ወጥቶ ንባብና መዝሙር ያስተምራል። ወረቀት የሚለጥፍ የለም፣ ማኅተምም አላሠራንም።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ሰበካ ጉባኤው እስከ ፍልሰታ መጨረሻ ፈቅዶልናል። በአሥራ አምስቱ ቀን ልጆቹ በየዕለቱ ለቁርባን ይመጣሉ፤ ያ ካማረ የሕፃናት ክፍሉ ይጸናል፣ ካላማረ ይዘጋል። የሚመራን ሰው ከመካከላችን እንዲቆም ይፈልጋሉ። ትምህርት ቤታችሁ በዚህ ወር ይዘጋል፤ እናትሽም ለክረምቱ ይጠብቁሻል። ነይና ምሪን። መስከረም ላይ ኒሯቅ ብትመለሺም ሥራውን አሳይተሽን ትሄጃለሽ። ያጠፋሁብሽ ካልወጣልሽ ግን አልፈርድብሽም፤ ስድስት ጊዜም ቢሆን እመላለስብሻለሁ እንጂ።

አንድ ተጨማሪ ጥፋት ልናዘዝ። ሳልጠይቅሽ ስምሽን በሰብሳቢነት አስመዝግቤአለሁ። ዓመሌ ነው፤ ይህንን ደግሞ ስትመጪ ትገሥጪኛለሽ። ከስምሽ ሥር የእኔን ጽፌአለሁ። ከመጣሽ ምክትልሽ ነኝ። ካልመጣሽም ሰው ሲጠይቀኝ የይመኙሻል ምክትል ነኝ እላለሁ።

አክባሪሽ፣
ሰርካለም