ገና ያልነጉ እሑዶች

ሮም፣ ሮማኒና
መስከረም 14 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣

ያ ስንት የተባለለት ሁለት ሺህ ዓመት በደህና ገባልዎ? የደሴ ብርድስ ጀመረ? እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ሀብተሚካኤል ጉልበትዎን ይስማል።

አባባ፣ ቤት ገዛን። ሁለት ክፍል ናት፤ በመስኮቷ ጥድ ይታያል። "በምን ገንዘብ?" እንደሚሉኝ አውቃለሁ። የስፌት መኪና በዱቤ አልገዛም ብለው ስንት ዘመን በእጅዎ እንደሰፉ አልረሳሁም። እኛን ግን ባንክ አበደረን። እዚህ ሙቱዎ ይሉታል፤ እስክናረጅ ድረስ የሚከፈል ነው።

የፈረምን ቀን የባንኩን ሰውዬ ጠየቅሁት፤ "ይሄን ሁሉ ገንዘብ ያጠራቀመው ማነው? ስሙን ይንገሩኝና በጸሎቴ ላስበው።"

ሀብተሚካኤል በክርኑ ጎሸመኝ። ሰውዬው ግን ሳቀና፣ "ማንም አላጠራቀመውም፣ ሲኞራ። እርስዎ ሲፈርሙ እኔ ቁጥሩን እጽፋለሁ፤ ያኔ ይፈጠራል" አለኝ።

ካለመኖር ወደ መኖር የሚያመጣ አንድ እግዚአብሔር ብቻ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ስወጣ መሬቱን የረገጥሁ አልመሰለኝም። ባዶው ቤት ገብተን ወለሉ ላይ ተቀመጥን። የሠርክ ፀሐይ ግድግዳው ላይ ቀስ እያለች ትወጣ ነበር። ጮክ ብለን ብንናገር ቤቱ ብን ብሎ የሚጠፋ መስሎን በሹክሹክታ እናወራ ነበር።

ቀለሙን የቀባልን ኣብርሃ ነው፤ ስደተኞቹ በሚኖሩበት ሰላም ፓላስ ያለው የአስመራ ልጅ። "ለእኔስ ለምን አይፈጥሩልኝም?" ብሎ ሳቀ። ኮንትራቶ፣ የሥራ ውል፣ የለውማ! እንደኛ የሚፈርመው ሲበዛ የቤት ዋጋ ይወጣል፤ መፈረም የማይችለው ደግሞ አንጋጦ ይቀራል።

አሎራ፣ ታዲያ፣ ባለፈው ሳምንት በደመወዝ የምጦራቸው አሮጊት ሲኞራ ልጅ፣ "ከእንግዲህ እሑድም ትመጪልኛለሽ?" አለችኝ። እሑድ ቅዳሴዬ ነው እያልኩ ስንቴ እምቢ ያልኳት ሴት ናት። አፌ ራሱ "ቫ ቤኔ፣ እሺ" አለ።

እሑድ ጠዋት አውቶቡሱ በቤተ ክርስቲያናችን በኩል ሲያልፍ ነጠላ የለበሱትን በመስኮት አየኋቸው። ሕልም ውስጥ እንዳሉ ሰዎች በዝግታ ይሄዳሉ፤ እኔን የሚያየኝ የለም። ያን ጊዜ ገባኝ፣ አባባ። ሰውዬው አልዋሸኝም፤ ገንዘቡን ማንም አላጠራቀመውም። የተቀዳው ገና ካልነጉት እሑዶቼ ነው።

ቢሆንም አልጸጸትም። ማታ ስመለስ የምገባው በገዛ ቁልፌ ነው።

የዓይንዎ ሞራ በጥቅምት እንደሚገፈፍ ሰምቻለሁ። "ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ የማየው አንቺን ይሁን" ብለው አስጽፈውልኛል። ለጥቅምት ሲኞራን የሚይዝልኝ ሰው አልተገኘም። ለፋሲካ ይሆናል።

መድኃኔዓለም ብርሃንዎን ይመልስልዎ። እኔንም ከዚያው ሆነው ይመርቁኝ።

ይህን የምታነብልዎ እየሩሳሌም ናት። እህቴ፣ ይቺን ለራስሽ ብቻ አንብቢያት፤ ፊታችሁ አንድ ነው ይሉን የለ? ፋሻው ሲፈታ ከፊታቸው ቁሚ፤ ቶሎ ግን አትናገሪ። አባባ ለአንድ አፍታ እኔን ይዩ።

ልጅዎ ዘርፈሽዋል